መርዶዬን ውኃ ውስጥ ቆሜ ሰማሁ

አራት ዓመት ሙሉ ለንደን ስኖር «ባሕር እንይ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሥራ ቀን፣ ሦስት ሰው ተሰብስቦ «ነይ እስቲ፣ ባሕር ዳርቻ እንውሰድሽ፣ ትንሽ ነፋስ ይንካሽ» ሲለኝ ምን ልበል? ሕፃን አይደለሁ። ሊያረዱኝ እንደሆነ ያወቅሁት ገና ጫማዬን ሳስር ነው። የማን መርዶ እንደሆነ ግን አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም ወኔ አጣሁ።

አገር ቤት የቀሩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እናቴና ልጄ። ሌላ እንዲህ ተሰልፈው የሚያረዱኝ ሰው የለኝም። ልጄን ለእናቴ ትቼ ስወጣ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበረች። «ስድስት ወር ብቻ» ብዬ ነበር፣ እኔ ጉደኛዋ። ወረቀቴ ሳይወጣ አራት ዓመት ሞላ። ወረቀት የሌለው ሰው ከዚህ አገር መውጣት ይችላል፣ ተመልሶ መግባት ነው የማይችለው፤ ልጅ ማስመጣትማ ጭራሽ። ስለዚህ እናትነቴ በስልክ ሆነ። ልጄ እናቴን «እማዬ» እያለች እኔን «የስልኳ እማዬ» ትለኝ ነበር። እስቃለሁ። ምን አባቴ ላድርግ!

ለመጨረሻ ጊዜ ያወራን ቀን እናቴ «ልጅቷን ትንሽ አተኩሷታል፣ አትጨነቂ» አለችኝ። የእናቴን «አትጨነቂ» አውቀዋለሁ፣ ከዚያ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔ ደሞ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ» አለች። ስኳርም ደም ብዛትም አለባት፣ ግን ተጠይቃ ደህና ያልሆነችበት ቀን የለም።

እውነቱን ልናገር ከተባለ ከዚያ ማክሰኞ በፊትም ጠርጥሬ ነበር። አርችዌይ የሚባል የለንደን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብራኝ የምትኖር ልጅ ነበረች፤ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር ያለ ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥም ጎን ለጎን ቆመን ነው የምንሠራው፣ እኔ ዳቦውን ቅቤ ስቀባ እሷ ኪያር ትደረድራለች። ከዚያ ስልክ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ስልካችን ተበላሽቷል፣ ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ ይመጣሉ» እያለች ቆየች። አንድ ቀን ስጠርግ ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ከአልጋዋ ጀርባ ተወሽቆ አገኘሁት። ልሰካው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። መጥረጊያውን አስቀምጬ ወጣሁ። እንዲህ ያለሁ ፈሪ ነኝ።

ከመንገድ ስልክ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። እናቴ ቤት ስልክ የለም፣ የጎረቤት ስልክ ነው የሚያገናኘን። መጀመሪያ የደወልኩ ቀን «ጠበል ሄደዋል» አሉኝ። «ልጅቷስ?» ስል «እሷም አብራ ሄዳለች» አሉ። በሁለተኛው ቀን ስልኩን ያነሳው ሰው ድምፄን ሲሰማ ዘጋው። የስልክ ካርዴ ላይ ገና ብዙ ደቂቃ ቀርቶ ነበር፣ ግን ደግሜ አልደወልኩም። እነዚያን ሌሊቶች ተኝቼ ነበር ብል ውሸት ነው።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ሱፐርቫይዘራችን፣ ሽንት ቤት ስንገባ እንኳ ሰዓት ቼክ የምታደርግ ሴት፣ ራሷ መጥታ «ነገ አትግቢ፣ እረፊ» አለችኝና ትከሻዬን ዳበሰችኝ። ትከሻዬን! ፈረንጇ ሳትቀር አውቃለች ማለት ነው። ፋብሪካው ሁሉ የሚያውቀውን፣ የእኔን ጉድ፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ።

ከዚህችው ጓደኛዬ ጋር የመጡት ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ እትዬ ናቸው፣ ስድሳ ያለፋቸው፤ አንዲት ብቻዋን የምትኖር ፈረንጅ አሮጊት ይንከባከባሉ። ሁለተኛው ጋሼ ናቸው፤ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ከመጋዘን ዕቃ የሚያደርሱ። በእኛ ሰፈር መርዶ ሲመጣ አገር ቤት ያለው ሰው የሚደውለው ለጋሼ ነው። ሰዎቹ ለጋሼ ይነግሯቸዋል፣ ጋሼ ለእትዬ ይነግራሉ፣ ከዚያ ቀን ቆርጠው፣ ሰው ሰብስበው ይሄዳሉ። መርዶ በስልክ አይነገር፣ ለብቻም አይነገር።

ታዲያ በማለዳ በር ማንኳኳት ሲቻል ባሕር ድረስ ምን አስኬዳቸው? ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመት በፊት እኛው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ልጅ አባቷን አረዷት። ጮኸች፣ ሴቶቹም አብረዋት ጮኹ፣ ደረት ተመታ። ጎረቤት ደውሎ ፖሊስ መጣ። ሰው እየተደበደበ መስሏቸው ቁም ሣጥን ሳይቀር ከፍተው አዩ። ጋሼ ደረጃው ላይ ቆመው «አባቷ ሞተውባት ነው» ብለው በእንግሊዝኛ አስረዱ። ፖሊሱ ደብተሩን አወጣ። «መቼ ሞቱ?» አለ። «ከሁለት ወር በፊት» አሉ ጋሼ። ፖሊሱ ጋሼን አየ፣ የምትጮኸውን ልጅ አየ፣ ደብተሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ደግ ሰው ነበር፣ «አዝናለሁ» ብሎ ሄደ። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ አፏን በትራስ አፍና ነው የአባቷን ለቅሶ የጨረሰችው። እትዬ ይኼን አልረሱም። «ከእንግዲህ ሰው እንደልቡ የሚያለቅስበት ቦታ እንፈልጋለን» ይሉ ነበር።

እና ያገኙት ቦታ ያ ባሕር ሆነ። የሚንከባከቧት አሮጊት ከለንደን ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስነዳ ቦታ ላይ የበጋ ቤት አላት፤ እትዬ ሁለት ዓመት አብረዋት ከርመዋል። «ጸጥ ያለ ነው፣ ሰው የሚባል አይደርስበትም» አሉ። አሮጊቷን ጠይቀው፣ የእንጨት ምልክት የተንጠለጠለበት የበር ቁልፍ ተቀብለው መጡ።

በጋሼ አሮጌ መኪና ሄድን። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። ያም ምልክት ነው፤ እትዬ እያሉ እኔ ከፊት መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ! መንገድ ላይ ጋሼ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ጓደኛዬ ከኋላ አፍንጫዋን ትስባለች፣ እትዬ ጉልበታቸው ላይ አንድ ፌስታል አቅፈዋል። መኪናው ሲታጠፍ ፌስታሉ አፉን ከፈተና የነጠላ ጥለት አየሁ። በነሐሴ፣ በዚያ ሙቀት፣ ለባሕር ነጠላ! ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩና ሜዳው ላይ የሚግጡትን በጎች ቆጠርኩ።

ቦታው ስንደርስ የብረት በር አለ፣ በሩ ላይ ሰሌዳ፤ የግል ነው፣ ለነዋሪዎች ብቻ ይላል። እትዬ በቁልፉ ከፈቱት። ከበሩ ወዲያ በቁጥቋጦ መሐል ቁልቁል የምትወርድ ቀጭን መንገድ፣ ከዚያ ባሕሩ። ውኃው ወደ መሬቱ ገባ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ነጭ ገደል ይዞት፣ እንደ ሳህን ረግቶ ተቀምጧል። አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው። ቀለም የተቀቡ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች በተርታ ቆመዋል። ሁለት አሮጊቶች በሸራ ወንበር ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ፤ ገጹን ሲገልጡ እንኳ ይሰማል። እንዲህ ያለ ቆንጆ ቦታ አይቼ አላውቅም፤ እንዲህ የጠላሁት ቦታም የለም።

አንድ ጥግ ምንጣፍ አነጠፉ። እትዬ ምግብ አወጡ። ፍልሰታ ነው፣ አስተውሉልኝ። እትዬ ማለት በጾም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ የቀመሰን ሰው የሚቆጡ ሴት ናቸው። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን እንጀራ በምስር ጠቅልለው «ብዪ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጾም አይደል እንዴ?»

«መንገደኛ ነሽ፣ ማርያም አትቀየምሽም። አፈር ስሆን፣ ይህቺን ብቻ።»

በባዶ ሆዴ እንዳልሰማ ነው። ጉርሻው ትልቅ ነበር። ሲያጎርሱኝ ፊታቸውን አየሁ፤ ዓይናቸው ደም መስሏል። ከፊታቸው ላነብ ሞከርኩ። ለልጅ መርዶ እንዲህ ይኮናል ወይስ ለእናት? ለትልቅ ሰው ቢሆን ይህን ያህል ባሕር ድረስ ይለፉልኛል? ልጄ ናት አልኩ በልቤ። አተኩሷታል ብላኝ የለ! ልጄ ናት።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ፣ ልጄ፣ እንደምታውቂው የሰው ልጅ...» ብለው ጀመሩ።

በዚህ መሐል ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ውሻ ያስከተለ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሰባ ዓመት የሚሆነው ፈረንጅ መጥቶ ቆመ። «ይቅርታ፣ እናንተ ነዋሪዎች ናችሁ?» አለ በትሕትና። እትዬ ብድግ ብለው ቁልፉን አሳዩት፣ የአሮጊቷንም ቤት ጠቆሙት። «አሃ፣ እንግዶቿ ናችሁ!» አለ። ደስ ያለው መሰለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ የምንመጣው ለጸጥታው ነው፤ እዚህ ጥግ የምታወሩት ገደሉን መትቶ እዚያ ማዶ ይሰማል» አለና ውሻውን ጠርቶ ሄደ።

እትዬና ጋሼ ተያዩ። አይ የኛ ነገር! ሰው የለም ማለት ሰሚ የለም ማለት መስሏቸው ነበር። ሰው ቤት ገዝቶ፣ በር ቆልፎ ጸጥታውን የሚጠብቅበት ቦታ አምጥተው ለቅሶ ሊያስቀምጡኝ! ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። «እግሬን ልንከር» አልኩ። ወደ ውኃው ወረድኩ። ጫማዬን አወለቅሁ እንጂ ልብሴን አላወለቅሁም። ውኃው በነሐሴ እንኳ አጥንት ይሰብራል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ። ልሞት አልነበረም የገባሁት፣ ማንም እንዲህ እንዳያስብብኝ። ውኃ ውስጥ እስካለሁ ድረስ ሊነግሩኝ አይችሉም ብዬ ነው። እትዬ አይዋኙ፣ ጋሼ አይዋኙ። እዚያ እስከቆምኩ ድረስ ሁለቱም በሕይወት አሉልኝ።

ግን ሁለቱም በሕይወት ሊኖሩ እንደማይችሉ አውቃለሁ። አንዷ ሄዳለች። የቀረው የትኛዋ ናት የሚለው ብቻ ነው። እና እዚያ ቆሜ፣ ውኃው እስከ ደረቴ ደርሶ፣ አፌን ሞልቼ ለመንኩ። ማርያምዬ አልኩ፣ ያንቺ ጾም ነው፣ እናቴ ትሁን። እናቴን ውሰጂና ልጄን ተይልኝ። ደጋግሜ አልኩት። ያሳደገችኝን፣ ልጄን ያሳደገችልኝን፣ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ሌላ የማታውቀውን እናቴን በስሟ ጠርቼ ሰጠሁ። ስለት እንደሚሳል ሰው ሰጠሁ። ካለቀ ነገር ላይ ጸሎት ምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ ግን ለመንኩ፤ እያንዳንዷን ቃል ፈልጌያት ነበር።

ሳላውቀው ወደ ውስጥ እየሄድኩ ኖሯል። እግሬ ሥር ያለው ጠጠር ድንገት ጎደለና ውኃው አገጬን ነካኝ። ከኋላዬ ጓደኛዬ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። ዞር ስል ጋሼ በሙሉ ልብሳቸው፣ በጫማቸው፣ ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል። መርዶ ቁጭ ብሎ፣ ተከብሮ፣ ዙሪያ ገጥሞ ነው የሚነገረው። ጋሼ፣ ስንቱን በወጉ ያረዱ ሰው፣ በዚያ ጸጥታ መሐል ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ።

«ልጅሽ ደህና ናት! ልጅሽ ደህና ናት! እናትሽ ናቸው! ያረፉት እናትሽ ናቸው!»

ገደሉ መለሰው። እናትሽ ናቸው፣ ናቸው።

«ተመስገን!» አልኩ።

ሳላስበው ወጣ። ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ፣ «ተመስገን! ተመስገን!» እያልኩ ጮህኩ። ገደሉ የእኔንም መለሰው። እትዬ ምንጣፉ ላይ እንደቆሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እነዚያ ሁለት አሮጊቶች መጽሐፋቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። ባለ ውሻው ሰውዬ ከሩቅ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘልኝ። በውኃው ደስ ያለኝ መስሎት ነው። ምን ያድርግ፣ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።

ጋሼ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። እትዬ ነጠላውን ከፌስታሉ አውጥተው፣ ዘቅዝቀው፣ እርጥብ ልብሴ ላይ አለበሱኝ። ሦስቱም አለቀሱ፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ እትዬ በሹክሹክታ። እኔ ጠጠሩን አያለሁ። እንባ የሚባል ነገር ከውስጤ ጠፍቷል። የሚያስፈራኝ ነገር ቢኖር መጮህ ሳይሆን እንደገና ተመስገን ማለት ነበር።

አርችዌይ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ገባ፣ ወጣ። እንዳላለቀስኩ ያየ ሁሉ «ደንዝዛለች፣ ድንጋጤው ነው» እያለ አዘነልኝ። ሦስቱ ግን የሰሙትን ሰምተዋል። እናቷ ሞተች ሲባል ተመስገን ያለች ልጅ! ምን ይበሉኝ? ታዝበውኛል አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ኤድመንተን የሚባል ሌላ ሰፈር ክፍል አግኝቼ ወጣሁ፣ ከጓደኛዬም ተለያየሁ። ጋሼ ሲደውሉ ስልኩን አላነሳም። ቤተ ክርስቲያን እትዬ ከፊት ከቆሙ እኔ ከኋላ እቆማለሁ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆንኩ። ለእናቴ ያለቀስኳት እንባ ግን አንዲት ጠብታ የለም። ስሟን ስጠራ ያ ውኃ ትዝ ይለኛል፣ አንገቴ ድረስ ይመጣና ያንቀኛል። ሸጬሻለሁ እላታለሁ በልቤ።

በመጨረሻ ወረቀቴ ወጣ፣ ልጄም መጣች። አሥር ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ኤርፖርት ላይ እጄን ጨበጠችኝ፤ እንደ እንግዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ በወጉ። እናቴ እንዲህ ነበር ያሳደገቻት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያቆየቻት ጎረቤታችን፣ ያቺ ባለ ስልኳ ናት።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፀጉሯን እያጠብኳት ነበር። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሳሙናው ዓይኗ እንዳይገባ ጨፍና፣ ድንገት አወራች። አስቀድማ እንዲህ ረዘም አድርጋ አውርታኝ አታውቅም።

«እማዬ ልትሞት ስትል ያለችውን ነግረውሻል?»

«ምን አለች?» እጄ ፀጉሯ ውስጥ ቆመ።

«ጎረቤታችንን ጠራቻት። እኔ አልጋው ጋ ነበርኩ፣ ትኩሳቱ ለቆኝ ነበር። ‹ለንደን ስትደውሉ ለሰዎቹ ንገሩልኝ› አለች። ‹መጀመሪያ ልጅሽ ደህና ናት በሏት። ከዚያ በኋላ የእኔን ንገሯት። የእኔ መሆኑን ስትሰማ ይቀላታል፤ እንዳትታዘቧት› አለች። ከዚያ ውኃ ስጡኝ አለች።»

ጋሼ ውኃው ውስጥ ቆመው መጀመሪያ የጮኹት ምን ነበር? ልጅሽ ደህና ናት። የእሷን ቃል ነበር የጮኹልኝ። ጋሼ ሊነግሩኝ ነበር ሦስት ዓመት ሙሉ የደወሉት፣ እኔ ነኝ ስልክ የማላነሳው። እናቴ ተመስገን ማለቴን ሳልለው ሰምታው ኖሯል፤ ሰምታም ደህና ነኝ ብላ ሄዳለች።

መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። የመታጠቢያው ወለል ላይ ተቀምጬ፣ እጄ ሳሙና እንደሆነ፣ «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ነው፣ ግድቡ ነው የተሰበረው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት መታ። ይምታ! ደግሞ መታ፣ ከዚያ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማኝ፣ በራችን ተንኳኳ። ጩኸቴን ልውጠው ብል እንኳ አልቻልኩም።

ልጄ ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ፣ ውኃው በጀርባዋ እየወረደ፣ ሄዳ በሩን ከፈተችለት። ገና በምትለምደው እንግሊዝኛ «እናቷ ሞተውባት ነው» ስትለው ሰማሁ።

ሰውዬው «መቼ ሞቱ?» አላት።

«ዛሬ» አለችው።